ያልተገጠመው ኮምፕሬሰር

ጥበቡ የሞተው በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በገዛ ግቢው፣ ከገዛ ሚኒባሱ ሥር ነው። ያን ቀን ንፋስ መውጫ ጭስ በጭስ ነበረች። ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ከምሮ ያነዳል፤ በሽታም ጠንቅም አብሮ ይነዳል ይባላል። ሚስቱ ይታይሽም የወንድሟን የእንየውን ጩኸት ስትሰማ የአንዱ ቤት ጣራ የተያያዘ መስሏት ጀሪካን ውኃ አንሥታ ነበር የሮጠች። ደርሳ ስታይ ባሏ መኪናው ከሚያድርበት የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ በጀርባው ተዘርሯል፤ ግንባሩ ደም ለብሷል። እንየው እጁ በግራሶ እንደ ተለወሰ በሩን ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል።

«ምን አደረግኸው?» አለችው።

አይ የሰው አፍ። «ምን ሆነ?» ብትል ምን ነበረበት? ቃሏን በአጥር ማዶ ቆሻሻ የሚያነዱ ጎረቤቶች ሰሙ፤ ጎረቤት የሰማውን ደግሞ ዘመድ ሳይሰማው አይቀርም። «የገዛ እኅቱ እኮ ናት ምን አደረግኸው ያለችው» ተባለ። በዋዜማው ሁለቱ ወንዶች እራት ላይ መጣላታቸውም ተነሣ። ቀኑ ሳይጋመስ እንየው ጣቢያ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ቀለመ ወርቅ ከገጠር ደረሰ። የጥበቡ የአጎት ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቃሉን የማያጥፍ ገበሬ። ከለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ተቀምጦ ጠመንጃውን ከጭኑ ላይ አጋደመና፣ ማንንም ሳያይ፣ «የጥበቡ ደም ሜዳ አይቀርም» አለ። «መንግሥት ከያዘው ይያዘው። የለቀቀው ዕለት ግን እኔ አለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ይታይሽ እንባዋ እንኳ በወጉ አልወረደም። ወንድሟ ጥፋተኛ ከተባለ ወህኒ ይበላዋል፤ ማስረጃ ጠፍቶ ቢለቀቅ ቀለመ ወርቅ ይገድለዋል። ባሏን ዛሬ አጥታ ወንድሟን ነገ ልታጣ ነው። እንየው እንዲተርፍላት የጥበቡ ሞት ምክንያቱ ወለል ብሎ መታየት አለበት፤ ያውም ቀለመ ወርቅ አንገቱን ደፍቶ የሚቀበለው ምክንያት። ይህን ከወዴት ታምጣ?

ኢንስፔክተር ብሩክታዊት የመጣችው በዚያው ከሰዓት ነው። ለሌላ ጉዳይ ከደብረ ታቦር መጥታ ንፋስ መውጫ ሰንብታ ነበር። አጠር ያለች፣ ከደንብ ልብሷ ላይ ወፍራም ሹራብ የደረበች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ሰው ሊሰማት አንገቱን ያሰግጋል፣ ሲያሰግግም ያላሰበውን ይናገራል።

«እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት ይታይሽን። «መጀመሪያ ያልገባኝን ልጠይቅሽ። ባልሽ ሲጠግን የነበረው የመኪና ኤሲ ነው አሉኝ። ንፋስ መውጫ ላይ፣ ያውም በኅዳር፣ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል? እኔ ሹራብ ደርቤም አልሞቀኝ።»

«ለመተማ ነው» አለች ይታይሽ። «አንድ የእርሻ ባለሀብት ለማሽላ አጨዳ ሰው የሚያመላልስለት ሚኒባስ ፈልጎ ነበር። ቆላው ያቃጥላል፣ ኤሲ የሌለውን መኪና አልይዝም አለ። የእኛው ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ነበርና ጥበቡ እዚሁ እቤት እለውጠዋለሁ ብሎ ተነሣ። በማግሥቱ ሊወርድ ነበር።»

«ቤተ ሰቡስ መሄዱን ወዶለት ነበር?»

«ማን ይወዳል? በዚያ መንገድ ሰው ይታገታል። ታላቅ ወንድሙ አንተነህ ለአጨዳ እንደ ወረደ በዚያው ቀርቷል። ሬሳውም አልተገኘ፤ በልብሱ ነው የተለቀሰለት። እኔ ለምኜዋለሁ፤ እንየውም ተጣልቶታል። ጥበቡ ግን አንዴ እሺ ያለውን አይመልስም።»

ከቆርቆሮው ቤት በር ላይ የጥበቡ እናት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቆመው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የደፉ መነኩሲት ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ጣታቸው ተከናንበው ወደ ውስጥ አሻግረው ያያሉ። ኢንስፔክተሯ ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸውና አለፈች፤ ይታይሽም ተከተለቻት።

ሚኒባሱ ቤቱን ሞልቶ ከጉድጓድ በላይ ቆሟል። ጉድጓዱ የጥበቡ አባት እህል ያኖሩበት የነበረ ነው። ጥበቡ አስፍቶ፣ በአንድ ጫፉ ደረጃ አውጥቶ ከመኪና ሥር መሥሪያ አድርጎታል። ከታች የበግ ለምድ ተነጥፏል፤ ከለምዱ ራስጌ ደም የነካው መፍቻ ወድቋል። አዲሱ ኮምፕሬሰር በሁለት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሏል። የቱቦዎቹ አፍ ገና የፕላስቲክ ክዳኑ አልተነሣለትም፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንግያውም፣ ከምስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ የኤሲው ጋዝ የሚሞላበት ሲሊንደር ቆሟል። ብሩክታዊት በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ከሥሩ ያለው አፈር ክብ ሆኖ ረጥቦ ነበር።

«ዝናብ ካቆመ ስንት ጊዜው?» አለች።

«ከመስቀል ወዲያ ጠብ አላለም።»

«በሩን ዘግቶ ነበር የሚሠራው?»

ይታይሽ አፈረች። «በሚካኤል ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ እንዳይሰማበት ብሎ ነው። እህሉ ገና ከአውድማ አልገባም። በረዶ ቢወርድ በእሱ ነበር የሚሳበበው፤ ሰፈሩም ያወግዘው ነበር። በሩን ዘግቶ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፎታል። ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ቀምሶ ነው የገባ።»

ብሩክታዊት ወደ በሩ ዞረች። «እማሆይ፣ ጧፍ አያጡምና አንድ ይስጡኝ።»

እማሆይ ከጉያቸው ጧፍ አውጥተው በግራ እጃቸው አቀበሏት። ኢንስፔክተሯ ለኩሳ ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አሰረችውና ቀስ አድርጋ ወደ ጉድጓዱ አወረደችው። ነፋስ አልነበረም። ጧፉ ከጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ጥፍት አለ። እንደገና ለኮሰችው፤ እንደገና ጠፋ።

ከበሩ ላይ ግራ ቀኙን ሲቃኝ የነበረው ቀለመ ወርቅ፣ «ይሄማ ያልተናፈሰ የእህል ጉድጓድ ነው» አለ። «እኛ ዘንድ ጧፍ ካላወረዱ ማን ይገባበታል? ሰው ይበላል።»

«አባቴም አገራችን ወገዳ ላይ እንዲሁ ሲያደርግ አውቃለሁ» አለች ብሩክታዊት። «ግን አያ ቀለመ ወርቅ፣ ከዚህ ጉድጓድ እህል ከወጣ ስንት ዘመኑ? ጥበቡስ በዋዜማው አሮጌውን ኮምፕሬሰር ሲፈታ እዚሁ ውስጥ ውሎ በደኅና አልወጣም?»

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከቆሙበት ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። ይታይሽ ሐዘኑ ያደከማቸው መስሏት ደግፋ ወደ ቤት አስገባቻቸው።

ኮምፕሬሰሩንም ጋዙንም ከባሕር ዳር አስመጥቶ የሰጠው ጁሃር የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። የጥበቡ የልብ ወዳጅ ነበር፤ ግን «የሰጠው ጋዝ መርዝ ነው» የሚል ወሬ መነሣቱን ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሏል። ከአጥሩ ሥር ቆሞ ኢንስፔክተሯን ጠበቃት።

«ሲሊንደሩን ስትሰጠው ምን ያህል ነበረበት?» አለችው።

«ሙሉ ነበር፤ ማሸጊያውም አልተነሣም። ዋዜማው ዕለት ራሴ ተሸክሜ አምጥቼ እራት ላይ አስረከብሁት። ሁላቸውም ነበሩ፤ ይታይሽም፣ እንየውም፣ እማሆይም። ጥበቡማ እንደ ልማዱ እየቀለደ፣ ይህቺ ጋዝ ከጠፋች መተማ በሕልም ነው፤ ሌላ እስኪመጣ ባለሀብቱ ሌላ መኪና ይይዛል ይል ነበር። አወይ ወንድሜን።»

«ጋዙ በሥራው መካከል መቼ ነው የሚሞላው?»

«መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ ይታሰራል፣ ቱቦው ይገጠማል፣ ቺንግያው ይገባል፣ በውስጡ ያለው አየር ተስቦ ይወጣል። ከዚያ ነው ጋዝ።»

«ሲወጣ ይሸታል?»

«አይሸትም፣ አይታይም። ብቻ ክፉ ብርድ አለው። በባዶ እጅ መክፈቻውን ይዞ ያስወጣው ሰው ጣቱ እንደ እሳት ነው የሚልጠው። እኛ በጨርቅ ጠቅልለን ነው የምንነካው። ሲሊንደሩም ራሱ ውርጭ ያወጣል።» ጁሃር ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ እኔን ይይዙኛል?»

«እስካሁን የጠየቅሁህን ሁሉ እውነቱን ነው የነገርኸኝ» አለችው።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ይታይሽ ምግብ ይዛ ጣቢያ ሄደች። ብሩክታዊት እንየውን እያነጋገረች ነበር፤ ይታይሽንም አጠገቧ አስቀመጠቻት። እንየው እኅቱን ቀና ብሎ አላያትም።

«ያን ዕለት ምን አየህ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ላግዘው ነው የሄድሁ። ተጣልተን ስላደርን ልቤ አልጥም ብሎኝ ነበር። በሩን ባንኳኳ ዝም አለኝ። ገፍቼ ገባሁ። ከለምዱ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ወርጄ እግሩን ይዤ ብስብ ራሴ ዞረ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ወጥቼ ከበሩ አየር ስቤ ተመለስሁ። ሁለተኛም ዞረብኝ፣ ግን ያን ጊዜ ጎትቼ አወጣሁት። ማን ያምነኛል?»

«እራት ላይ፣ መተማ ብትሄድ ሬሳህ ነው የሚመለስ ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። ማስፈራራት አልነበረም፤ ልመና ነበር። የአንተነህ እኮ ሬሳውም አልተመለሰ።» ከዚያ ወደ ይታይሽ ዞረ። «ሰው ሁሉ ቢለኝ ግድ የለኝም ነበር። አንቺም ምን አደረግኸው አልሽ?»

ይታይሽ የያዘችውን ሳህን መሬት አስቀመጠች። «ደንግጬ ነው እንየው። አንደበቴን ይቁረጠው» አለች፤ ፊቷንም በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ብሩክታዊት በዚህ መካከል የእንየውን መዳፎች ገልብጣ አየቻቸው፤ ከግራሶው በቀር ምንም አልነበረባቸውም።

ሁለቱ ሴቶች ከጣቢያው ወደ ለቅሶ ቤት አብረው ተመለሱ። ከግቢው በር ስትደርስ ኢንስፔክተሯ ቆመች። ከበሩ ጎን ገለባና ቅጠል፣ ያረጀ ጆንያና አጥንት ተከምሯል።

«ይህ የማነው?»

«የእኛው ነው። ከቅዳሴ መልስ ልናነደው ነበር። ሰው ሁሉ ኅዳርን ሲያጥን የእኛ ቤት ብቻ ሳያጥን ቀረ፤ ጠንቁም የእኛን ቤት መረጠ።»

«በቅዳሴው ላይ ሁላችሁም እስከ መጨረሻው ነበራችሁ?»

«እኔና ጥበቡ ልጆቹን ይዘን እስከ እግዚኦታ ቆይተናል። እማሆይ ብርድ መታኝ ብለው ቀደም ብለው ወጡ። ያን ቀን ምስኪን ጉድ ነው የፈላባቸው፤ ኅዳርን ሳጥን ብለው እጃቸውንም እሳት ፈጅቷቸዋል።» ይታይሽ ይህን የተናገረችው ለወሬ ያህል ነው። ብሩክታዊት ክምሩን በጫማዋ ገለባብጣ አየችው።

የሣልስቱ ዕለት ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እንየው በሁለት ፖሊሶች መካከል ከኋላ ተቀመጠ። ጁሃር ፈንጠር ብሎ፣ ቀለመ ወርቅ ጠመንጃውን አቅፎ፣ እማሆይ ከሐዘንተኞቹ ራስ ተቀምጠዋል። እንጀራ ሊቀርብ ሲል ብሩክታዊት ማንቆርቆሪያውን ከአስታጣቢዋ እጅ ወሰደች። ልጅ ለታላቅ እንደሚያደርገው ጎንበስ እያለች በየሰዉ እጅ ላይ ውኃ ታፈስ ጀመር። ሰዉ ፖሊስ ሲያስታጥበው ግራ ገብቶት እየተያየ ታጠበ። ጁሃር ታጠበ፤ ቀለመ ወርቅ ታጠበ፤ ይታይሽም ታጠበች። እማሆይ ዘንድ ስትደርስ፣ «እኔ አልበላም ልጄ፣ እለፊኝ» አሏት።

«ውኃው ለብ ያለ ነው፣ አይጎዳዎትም» አለች ብሩክታዊት ጎንበስ እንዳለች። እማሆይ ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም። እሷም አላስጨነቀቻቸውም፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ቀና አለች።

«አያ ቀለመ ወርቅ፣ እርስዎ ደም ይመልሱ ዘንድ ተቀምጠዋል። እንግዲህ ከማን እንደሚመልሱ አብረን እንወቅ» አለች። «ሐኪሙ የነገረኝ ይህ ነው፤ የግንባሩ ቁስል ከቆዳ አላለፈም። የሞተው ትንፋሽ አጥቶ ነው። ሲወድቅ ግንባሩ መፍቻውን መታው እንጂ መፍቻው ግንባሩን አልመታውም።»

«እንግዲያ ጭሱ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። «ያን ቀን ከተማው በሙሉ ታጥኗል።»

«ጭሱ በስንጥቅ ነው የሚገባ፤ ስንጥቁን ጥበቡ ራሱ ወትፎታል። የሟቹ ዓይንም አልቀላም፣ ልብሱም ጭስ ጭስ አይልም ነበር። ጧፉ ግን ጠፋ። ከጉድጓዱ ውስጥ አየሩን ገፍቶ የተኛ አንድ ነገር ነበር። እህል የለም። ታዲያ ምንድን ነው?» ከቆርቆሮው ቤት ያስመጣችውን ሲሊንደር ከመሬት አንሥታ ጁሃር እጅ ላይ አኖረችው። «እስኪ መዝነው።»

ጁሃር እንደ ያዘው ደነገጠ። «ይሄ ባዶ ነው» አለ።

«የት ገባ?»

«መኪናው ላይ ሞልቶት ይሆናላ» አለ ቀለመ ወርቅ።

«ኮምፕሬሰሩ በሁለት ብሎን ተንጠልጥሏል፤ ቱቦው አልተገጠመም፤ ቺንግያው ከምስማር አልወረደም። ጋዙ ደግሞ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው። ላልተገጠመ ኮምፕሬሰር ማን ጋዝ ይሞላል? እንግዲህ ጋዙ መኪናው ውስጥ አልገባም። ጥበቡ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው መክፈቻውን ለቆ እዚያው ቤት ውስጥ አፍስሶታል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ሲሊንደሩ የቆመው ከጉድጓዱ አፋፍ ነው። የሲሊንደሩ ሥር የረጠበው ውርጩ ቀልጦ ነው። ጥበቡ በሩን ዘግቶ፣ ጨርቁን ወትፎ፣ ምንም ሳይሸተው ወረደ። ከለምዱ ላይ ሲጋደም እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሆነ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጁሃር ዞረ።

«ጁሃር አይደለም» አለች ብሩክታዊት። «ጁሃር በባዶ እጁ አይነካውም፤ የነካም ሰው ጣቱ ይላጣል። የጁሃርን እጅ አሁን አጥቤዋለሁ። እንየውም አይደለም። ከጉድጓዱ ሞት መኖሩን ያወቀ ሰው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሬሳ አይጎትትም፤ ሲያለከልክ ያያችሁት ከሁሉ ጥበቡን ሊያድን የሞከረ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ያፈሰሰው ሰው ጋዙ እጅ እንደሚያቃጥል አያውቅም፤ ሰው እንደሚገድልም አያውቅም። የሚያውቀው ከእራት ላይ የሰማውን ብቻ ነው፤ ጋዙ ከጠፋ መተማ መሄድ የለም።»

ይታይሽ ይህን ስትሰማ በልቧ ትቆጥር ጀመር። እራት ላይ ማን ነበር? እሷ፣ እንየው፣ ጁሃር፣ ጥበቡ። ከዚያ አንገቷ ሳታዝዘው ወደ ድንኳኑ ራስ ዞረ።

«ያን ጠዋት ከቅዳሴ ቀድሞ የተመለሰ አንድ ሰው ነው» አለች ብሩክታዊት፤ ድምፅዋ ከወትሮውም ዝቅ ብሎ ነበር። «እጁን ኅዳርን ሳጥን እሳት ፈጀኝ አለ። የዚህ ቤት ክምር ግን እስከ ዛሬ እሳት አልነካውም። ጧፍ ስጠይቅ በግራ እጁ ሰጠኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሰጥ በግራው አይሰጥም። እማሆይ፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። በጨርቅ የተጠቀለለውን ራሳቸው ፈቱት። አውራ ጣታቸውና ጠቋሚያቸው ነጭ ሆነው ተልጠዋል፤ መክፈቻው የታተመባቸው ያህል ነው።

«ትንፋሽ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ብከፍተው ፉጭ እያለ ወጣ። እጄን ቢበላኝም አልለቀቅሁትም፤ እሱን መልቀቅ ልጄን መልቀቅ አይደለ? ዛሬ ይናደዳል፣ ነገ ይረሳዋል አልሁ። እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው እሳት ፈጀኝ ያልሁ። ሲሞት፣ በዓሉን ስለሻረ ሚካኤል ቀሠፈው ብዬ ነበር። ጧፉ ሲጠፋ ነው የገባኝ። የጉድጓድ ነገር እኔ አልገባኝም ይባላል? ግን የእህል ጉድጓድ እንጂ የዕቃ ትንፋሽ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ነገረኝ?»

«ካወቁስ ወዲያ?» ይህን የጮኸችው ይታይሽ ናት። «ወንድሜን ሊበሉት ተቀምጠው እያዩ? እርስዎ እማሆይ? እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስደግፍዎት፣ ውኃ ስሰጥዎት?»

«ምላሴ ታሰረ ልጄ። ልጄን ገደልሁት ብሎ ለመናገር የሚሆን አፍ ከየት ይመጣል? ዛሬ እናገራለሁ እያልሁ ይመሻል።»

ይታይሽ ያን ጊዜ ጠላቻቸው፤ መደበቅ የለበትም። ያን የተላጠ እጅ ልትቆርጠው ፈለገች። ብሩክታዊት ወደ ቀለመ ወርቅ ዞረች።

«አያ ቀለመ ወርቅ፣ እንግዲህ ደሙን ከማን ይመልሳሉ?»

ቀለመ ወርቅ ጠመንጃውን ከጭኑ አንሥቶ ከኋላው ካለው ምሰሶ አስደገፈው። ከዚያ ለኢንስፔክተሯ እጅ ነሥቶ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሕግ አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ ያያል» አለች ብሩክታዊት እማሆይን ደግፋ እያስነሣች። «ግን ቃልዎን ጣቢያ መጥተው መስጠት አለብዎ። እንየው፣ አንተ ነጻ ነህ።»

እማሆይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ወደ መኪናው ሲሄዱ አንድም ሰው አልተከተላቸውም። የገዛ ዘመዶቻቸው መሬት መሬት ያያሉ። ይታይሽ ከኋላቸው ቆማ አየቻቸው፤ ቆቡ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ የፈቱት ጨርቅ ከጣታቸው ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ልጅ የላቸውም። አንዱ ቆላ ቀረ፣ ሌላውን ትናንት ቀበሩት። ከዚህ ዓለም የእኔ የሚሉት ሰው ቢኖር እሷና ልጆቿ ናቸው። ንዴቷ ከነበረበት አልተነሣም፤ እግሯ ግን ተራመደ።

እንየው ክንዷን ያዛት። «ወዴት ነሽ? ወንድምሽን ሊያስበሉ የነበሩ ሴት ናቸው።»

«አውቃለሁ። አሁንም አልበረደልኝም» አለችው። «ብቻቸውን ግን አይሄዱም። አንተ ግባና ከድንኳኑ ተቀመጥ፤ የጥበቡ ለቅሶ ያለ ሰው አይቅር።»

«ከቀለመ ወርቅ ጎን?»

«ከማን ጎን ልትቀመጥ ኖሯል?»

እንየው ክንዷን ለቀቀ። ከዚያ ገባ። ቀለመ ወርቅ ጋቢውን ከፊቱ ገልጦ አየውና፣ ከተቀመጠበት አግዳሚ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

ይታይሽ ከፖሊሱ መኪና የኋላ ወንበር እማሆይ አጠገብ ገባች። ብሩክታዊት በሩን ዘግታ ከፊት ተቀመጠች። መኪናው በየደጁ የቀረውን የክምር አመድ እያለፈ ወደ አስፋልቱ ወጣ። እማሆይ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ይታይሽ» አሉ፤ «የጥበቡን መቃብር አውቀዋለሁ አይደል?»

«ያውቁታል፣ እማሆይ። ትናንት አብረን ነበርን።»

«የአንተነህን አላውቀውም» አሉ።

ይታይሽ የተላጠውን እጅ አነሣችና፣ ጨርቁን መልሳ ትጠቀልልላቸው ጀመር።